የለማሊሞ መንገድ፤ ጂኒ የወጣበት፣ ዛር የወረደበት

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን ደጋ ሲያቋርጥ መንገዱ ገር ነው። በግራና በቀኝ የተዘረጋውን ማሳ እያየ፣ ዳባትን አልፎ፣ ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ የሚያስደነግጥ ነገር አያገኝም። ከደባርቅ ወጣ እንዳለ ግን ምድሩ በገደል ይቋረጣል። ለማሊሞ ይህ ነው። ዛሬ መኪና የሚጠማዘዝበትን ጎዳና ያሠሩት ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ቁልቁለቱ የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነበር። ከጎንደር ተጭኖ ወደ ምጽዋ የሚወርደው ዝባድ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ፣ ከባሕር ወገን የሚወጣው ጨርቅና ዶቃ፣ ከአፋር ረባዳ ተቆርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው በዚህ በር ያልፍ ነበር። ቀረጥ ተቀባዩም በሩን ይጠብቃል። በገመድ ታስሮ የሚነዳው ሰውም ከጭነቱ ጋር ይቆጠር ነበር።

ይህ መንገድ እምነትንም አመላልሷል። ከቀይ ባሕር ወዲህ በሙስሊሙ ነጋዴ አፍ «ጂን» የሚለው ስም ወደ ደጋው ወጣ፤ ከደጋው ደግሞ «ዛር» የሚለው ስም በባርነት ከተነዱ ሴቶች ጋር ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ ዐረብ አገር ወረደ። በጎንደርና በዙሪያዋ፣ ይኸውም በወገራና በስሜን ግርጌ፣ ሁለቱ ተገናኝተው አብረው ኖረዋል። ብዙ ጊዜም አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ ይገኛል። ጉዳዩን ያነሣነው ለታሪክ ካለን ፍቅር ብቻ አይደለም። የሚጥል በሽታ የያዘው ልጅ፣ ከወሊድ በኋላ አእምሮዋ የታወከ እናት፣ ከቆላ ትኩሳት ይዞ የተመለሰ ጎልማሳ ወዴት ይወሰድ በሚለው የቤተ ሰብ ምክር ውስጥ ጂኒና ዛር ዛሬም ድምፅ አላቸው። መምህሩም ሆነ ካድሬው ነገሩን «ኋላ ቀር እምነት» ብሎ በአንድ ቃል ሲዘጋው በሽተኛው የሚወሰድበትን ቤት አይለውጠውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሕዝቡ ለእርሱ የሚነግረውን ነገር ይመርጣል።

ጂን የሚለው የዐረብኛ ቃል ሥሩ መሸፈን፣ መሰወር ማለት ነው። በማኅፀን የተሰወረው ፅንስ፣ በዛፍ የተሸፈነው የአትክልት ስፍራ፣ አእምሮው የተጋረደበት እብድ፣ በዐረብኛ ስማቸው ሁሉ ከዚሁ ሥር ይወጣል። የግዕዙ «ጋኔን» የዚሁ ቃል ዘመድ መሆኑን የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት ያወሳሉ። እንግዲህ የደባርቁ ቄስ ጋኔን፣ የዳባቱ ሼህ ጂን ሲሉ ወንድማማች ቃላትን መጥራታቸው ነው። ትርጉማቸው ግን እኩል አይደለም። የቄሱ ጋኔን ክፉ ብቻ ነው፤ የሼሁ ጂን ግን ደግም ክፉም ሊሆን ይችላል።

በቁርኣን ትምህርት ሰው ከጭቃ፣ ጂን ጭስ ከሌለው የእሳት ነበልባል ተፈጥሯል። ሁለቱም የተፈጠሩት ለአንድ ዓላማ፣ ፈጣሪን ለማምለክ ነው። ጂን ይወለዳል፣ ይሞታል፣ በመጨረሻው ቀንም ለፍርድ ይቀርባል። ባለ 28 አንቀጽ የሆነው የቅዱሱ መጽሐፍ 72ኛ ምዕራፍ በስሙ «አል ጂን» ይባላል፤ በዚያም ከጂኖች አንድ ጭፍራ ቁርኣን ሲነበብ ሰምቶ እንዳመነ፣ ከመካከላቸውም የታዘዙና ያፈነገጡ እንዳሉ ይነገራል። በዚሁ ምዕራፍ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አንዳንድ ሰዎች ከጂኖች ጥበቃ ይለምኑ እንደነበርና ይህም ልመና ጥፋትን እንጂ ሌላ ነገር እንዳልጨመረ ያወሳል። ይህች ነጥብ ከዚህ በታች ለምናወራው ሁሉ መሠረት ስለ ሆነች አንባቢው ባይረሳት መልካም ነው።

ከዚህም የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው የሱለይማን ታሪክ ነው። ጂኖች ለንጉሥ ሱለይማን ተገዝተው ሲሠሩ ሳሉ ንጉሡ በምርኩዙ እንደተደገፈ ሞተ። ምስጥ ምርኩዙን በልቶ ሬሳው እስኪወድቅ ድረስ ግን ጂኖቹ መሞቱን አላወቁም፤ በከንቱ ሲደክሙ ቆዩ። ትረካው የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። ጂን ራሱ ከዓይን የተሰወረ ቢሆንም ስውሩን አያውቅም። «ገይብ» የሚባለው የስውር ነገር ዕውቀት የፈጣሪ ብቻ ነው። በኢስላም በገይብ ማመን የእምነት ግዴታ ሲሆን፣ ስለ ገይብ ጂንን መጠየቅ ግን ክልክል ነው። በጠንቋይ ደጅ የሚሰለፈው ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ኖሮ ግማሹ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ በአንድ ቃል አልተስማሙም። ኢብን ሲና ጂን ማለት መልኩን የሚለዋውጥ አየራዊ ሕይወት ያለው ነገር ነው ካለ በኋላ፣ ይህ የስሙ ፍቺ ብቻ ነው ሲል አክሎበታል፤ መኖሩን አረጋግጫለሁ ላለማለት ነው። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አል ሺብሊ ደግሞ ስለ ጂኖች ሕግጋት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲጽፍ ከጂን ጋር መጋባት ይፈቀድ እንደሆነ ሳይቀር ተከራክሯል። ስለዚህ «ኢስላም ስለ ጂን እንዲህ ይላል» ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው ይህን ሁሉ ክርክር ዘልሎ ነው።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዙ። በቀሃ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረው ሰፈር እስላም ቤት ተባለ፤ በኋላም አዲስ ዓለም የሚል ስም አገኘ። ሙስሊሙ ርስት እንዳይዝ ስለ ተከለከለ ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ቆመ። «ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው አሳፋሪ አባባል የዚያ የመሬት ሥርዓት ውላጅ ነው። መሬት የሌለው ሰው መንገድን አገሩ አደረገ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ አድርጎ፣ ለማሊሞን ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ከጓዶቹ መካከል ሙስሊሞች ነበሩ፤ በመጀመሪያ ያረፈውም በሙስሊሞቹ ሰፈር ነበር። በየማደሪያው እሳት ዳር ነጋዴው ምን ያወራ እንደነበር ብሩስ ባይጽፈውም፣ ጭነት ወርዶ፣ በቅሎ ግጦ፣ የለሊት ዘበኛ ተተክሎ ሲመሽ ስለ ጂን የማይወራበት የነጋዴ ሰፈር ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የጂን እምነት በቤት ውስጥ ያለው መልክ ደግሞ ከሊቃውንቱ ክርክር የራቀ፣ ለዕለት ኑሮ የቀረበ ነው። ሙስሊሟ እናት የፈላ ውሃ መሬት ላይ ከመድፋቷ በፊት ቢስሚላህ ትላለች፤ በማይታየው ጎረቤት ልጅ ላይ እንዳይፈስ። በመሸ ጊዜ ስማቸው በግልጽ አይጠራም፤ «እነሱ» ይባላል። የወንዝ ዳር፣ የዋሻ አፍ፣ የአመድ መድፊያ፣ የፈረሰ ቤት የእነሱ ስፍራ ነው። ልጅ ቢደነግጥ አያተል ኩርሲይና ሁለቱ የመጠበቂያ ምዕራፎች፣ ማለት የቁርኣኑ መዝጊያዎች፣ ይነበቡለታል፤ በውሃም ላይ ተነብቦ ይጠጣል። በቆዳ የተሰፋ ሂርዝ በአንገቱ ይንጠለጠላል። የክርስቲያኗ ጎረቤት ልጅ አንገት ላይም በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ። ሂርዙን ሼህ፣ ክታቡን ደብተራ ጻፈው እንጂ የቆዳውን ስፌት አይቶ መለየት ያዳግታል። የሁለቱም ጽሑፍ ጌታ ደግሞ አንድ ንጉሥ ነው። ሙስሊሙ ጂኖችን በገዛው በሱለይማን ታሪክ ይመካል፤ ደብተራውም «መርበብተ ሰሎሞን» በሚባለው ጸሎት ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ሲያጠምድ ይጽፋል። በሃይማኖት የተለያየው ጎረቤት በፍርሃቱ እንዲህ ተቀራርቦ ኖሯል።

ዛር ግን ከሌላ ቤት የመጣ ነው። የኢጣልያ ተወላጅ የሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ቃሉን ሰማይን ወይም የሰማይን አምላክ ከሚያመለክተው «ጃር» ከሚለው የአገው ቃል ጋር አያይዞታል። ይህ ግምት ትክክል ከሆነ፣ የጥንት አገው አገር በሆነው በስሜንና በወገራ ምድር ዛር የተሻረ አምላክ ነው ማለት ነው፤ አዲሱ ሃይማኖት ከሰማይ ሲያወርደው ወደ ሰው ራስ ወረደ። የጎንደር ባለ ዛሮች የሚተርኩት ግን ሌላ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ ነበር። ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ጊዜ ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ ውብ ውቦቹን 15 ሸሸገች፤ ፈጣሪም የተሸሸጉት እንደ ተሸሸጉ ይቅሩ አለ። የተሸሸጉት ዛሮች፣ የታዩት ሰዎች ሆኑ። አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። በቁርኣን ጂን የእሳት ፍጡር፣ ለሰው ባዕድ ነው። በዚህ ተረት ግን ዛር የሰው ታላቅ ወንድም፣ ከእኛ ይልቅ ያማረ፣ በእናት ፍርሃት ምክንያት ብርሃን የተነፈገ ነው። ሰውን የሚይዘውም በቅንዓት ነው። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ይህን ልዩነት መሠወር ነው።

ስለዚህ ዓይነቱ የመያዝ በሽታ ከጻፉት ጥንታውያን የውጭ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከተከዜ ማዶ በትግራይ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። የገዛ ሚስቱ በበሽታው በተያዘች ጊዜ ማስመሰል መስሎት በስውር ገርፏት ነበር። እርሷ ግን እንደ ሬሳ ወደቀች፤ ጣቶቿም አልዘረጋ አሉት። ያን ጊዜ ደንግጦ እንደ አገሩ ልማድ ዘፋኝና ከበሮ መቺ ጠራላት። ይህን ሳይደብቅ መጻፉ የሚያስመሰግነው ነው። በጅራፍ የተጀመረው «ሕክምና» የት እንደሚደርስ ከርሱ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ዛር በስሙ ተጠርቶ የተጻፈው ደግሞ ከሚስዮናዊው ክራፕፍ እጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ ሳለ ቁጥራቸው 88 ነው ስለሚባሉ ዛሮች ሰምቶ መዝግቧል።

አሁን ወደ ዛር ቤት እንግባና ዕቃውን እንቁጠር። ቡና፣ ጫት፣ ዕጣን፣ ትንባሆ፣ ሽቶ፣ ዶቃ። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ድረስ ቡና በደጋው ክርስቲያን ዘንድ የእስላምና የባለ ዛር መጠጥ ተብሎ ይነቀፍ ነበር፤ ጫትም እንዲሁ። የዛር ቤት መሶብና ረከቦት ላይ የቀረበው አብዛኛው ነገር እንግዲህ በሲራራ ነጋዴው በቅሎ የመጣ ነው። ቃላቱም እንዲሁ መጡ። «አውሊያ» በዐረብኛ የፈጣሪ ወዳጆች፣ ቅዱሳን ማለት ሲሆን በአማርኛ ግን በሰው ላይ የሚያድረውን መንፈስ ራሱን መጥሪያ ሆነ። «አውሊያው ወረደላት» ሲባል የሚሰማ የዳባት ሙስሊም መምህር ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ የደጋግ ሰዎች ማዕረግ በግ ለሚጠይቅ መንፈስ ተሰጥቷልና። ከግዕዙ ወገን ደግሞ «ውቃቢ» አለ፤ እርሱም ጠባቂ ከሚለው ሐሳብ የወጣ ነው። ክርስቲያንና እስላም ዛሮች አሉ ይባላል። ሥጋ በሃይማኖት በሚለይበት አገር፣ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ጣሪያ ሥር ከአንድ ጀበና የሚጠጡበት ስፍራ ከገበያው ቀጥሎ ምናልባት የዛር ቤት ብቻ ነበር።

ይህን ቤት ከሁሉ በላይ በዝርዝር የመዘገበው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ነው። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጎንደር ተቀመጠ። ሌሪስ በኤርትራዊው ምሁር በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የባለ ዛሮች አለቃ ከነበሩት ከወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት ዕለት ዕለት ይመላለስ ነበር። ልጃቸው እማዋይሽም የዘፈኖቹ ዋና ምንጭ ሆነችው። የጥናት ቡድኑ ለመሥዋዕት የሚታረዱትን እንስሳት ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ የተጻፈው ሁሉ ያለ ተመልካች ገንዘብ የተደረገ አይደለም። ይኸው ቡድን የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች በአዲስ ቅጂ ተክቶ ወደ ፓሪስ መውሰዱንም መርሳት አይገባም። ቢሆንም የሌሪስ ማስታወሻ ባይኖር ኖሮ የነዚያ ሴቶች ድምፅ ፈጽሞ ይጠፋ ነበር።

ለሥነ ጥበብ ሰዎች ከሁሉ የሚያስደንቀው ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ያነሣው ሐሳብ ነው። በዛር የተያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ ሲጋልበው ድምፁ፣ አነጋገሩ፣ አለባበሱና አቀማመጡ ይለወጣል። ጉሪ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ዛር የራሱ ፉከራ አለው። አንዱ ዛር ደጃዝማች ነው፣ አንዱ መነኩሴ፣ አንዷ ገረድ። ድሃዪቱ ጠላ ሻጭ በአንድ ሌሊት ውስጥ ሹም ሆና ትፎክራለች፣ ገረድ ሆና ትላላካለች። ሌሪስ ይህን የሚኖሩት ቴአትር ብሎ ከሚጫወቱት ቴአትር ለየው። የሚያደርገው ሰው ማስመሰሉን አያውቅም፤ ወይም ማወቁንና አለማወቁን የሚለየው ወሰን የሳሳ ነው። የእኛ መድረክ ዛርን ብዙ ጊዜ ለሣቅ ሲያወጣው፣ ይህን ቀጭን ወሰን ያጤነ ተዋናይ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። አረፋ የሚደፍቅ አፍና የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ማሳየት ቀላል ነው፤ የደጃዝማቹን ፉከራ የምትፎክረው ሴት በዕለት ኑሮዋ ማን እንደሚናገርባት ማሳየት ግን ከባድ ነው።

የብሪታንያው አንትሮፖሎጂስት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው መጽሐፍ እንዲህ ያለው የመያዝ ሥርዓት በሸንጎ ድምፅ የሌላቸው ወገኖች፣ በተለይም ሴቶች፣ በመንፈሱ አፍ የሚጠይቁበት መንገድ ነው ብሏል። አሜሪካዊው ሲሞን መሲንግም በጎንደር ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 የጻፈው ከዚህ አይርቅም፤ የዛርን ማኅበር እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። ባልዋ ልብስ የከለከላት ሴት በዛሯ አፍ ቀሚስ ትጠይቃለች፤ ባል ለሚስቱ እምቢ ቢል ለዛሩ እምቢ ማለት ይፈራል። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ዳሩ ግን ከልክ በላይ መውሰድ አይገባም። የዛሩ ዕዳ የሚከፈለው ከዚያው ከቤቱ ጎተራ ነው፤ ቀሚሱን ያገኘችው ሴት በዓመቱ በጉን ታጣለች፤ ትርፉም ለባለ ዛሩ አለቃ ይገባል። ደግሞም ስውሩ ዓለም ለደካማው ድምፅ እንደ ሆነ ሁሉ ደካማውን መክሰሻም ሆኗል። በዚሁ በወገራና በስሜን ግርጌ ማረሻ የሚቀጠቅጡ፣ ገንቦ የሚሠሩ ቤተ እስራኤላውያን «ቡዳ» እየተባሉ ስንት መከራ እንዳዩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በነበሩት ዓመታት አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። የሠሩት ማረሻ ግን ያለ ፍርሃት ሲታረስበት ኖሯል።

ጂኒ የወጣበትን መንገድ ካየን ዛር የወረደበትን እንከተል። ከደጋው የተነዱ ሴቶች በምጽዋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመተማ በኩል፣ ወደ ባዕድ አገር ተሸጡ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ዛር በላይ ግብፅና በካይሮ እልፍኞች ይታወቅ ነበር። የኔዘርላንዱ ሊቅ ስኑክ ሁርግሮንየ እ.ኤ.አ. በ1885 መካ በተቀመጠ ጊዜ ዛር የከተማይቱን ሴቶች ሁሉ እንዳዳረሰ አይቷል። በሱዳን ደግሞ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከሚያድሩት መናፍስት ወገን አንዱ «ሐበሽ» ይባላል፤ በውስጡም የሐበሽ ሱልጣን አለ፤ ቡናም ይቀርብለታል። በገመድ ታስራ የወረደችው ልጅ አገር፣ በአሳዳሪዋ ራስ ላይ ንጉሥ ሆኖ ተቀመጠ። የመካና የካይሮ ሊቃውንት ግን ይህን እንግዳ ስም በመጽሐፋቸው ስላላገኙት ዛር ማለት ጂን ነው ብለው ደመደሙ፤ እርሱን በድግስና በደም ማባበልም ሽርክ ነው ብለው አወገዙት። ያ ፍርድ በተራው ወደ አገራችን ተመልሶ መጣ። ዛሬ የጎንደር፣ የዳባት ወይም የደባርቅ ሼህ ዛርን ሲያወግዝ በዚህ ዙር ጉዞ የመጣውን ቃል ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ዛር ጋኔን ነው ትላለች። ሁለቱ ስለ ዛር ከተስማሙ ዘመን የለውም፤ በሽተኛዋ ግን በሁለቱም ደጅ አልፋ ወደ ዛር ቤት ስትሄድ ኖራለች። ይህ ለሰባኪዎቹ ሊያሳስባቸው ይገባል።

የጤናውን ነገር እንጨምር። ከደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ነጋዴ ወይም አጫጅ ሲንቀጠቀጥ፣ የወንዝ ጂኒ መታው ማለት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በእርግጥም በወንዝ ዳር አድሮ ነው የታመመው። መቺው ግን የወባ ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ፤ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በአገሪቱ ደጋማ ክፍሎች 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። የሚያስገርመው፣ የዚህን ዕርቅ ቃል ቀደም ብሎ ያሰበ ሙስሊም ሊቅ መኖሩ ነው። ከሙሐመድ አብዱህና ከደቀ መዝሙሩ ከረሺድ ሪዳ የወጣው የካይሮው የአል መናር የቁርኣን ትርጓሜ፣ በአጉሊ መነጽር የሚታዩት ጥቃቅን ነፍሳት ከጂን ወገን ሊሆኑ ይችላሉ ብሏል። ብዙዎች ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ የዚህም ጽሑፍ አቅራቢ እንደ ሃይማኖት ፍቺ አይከራከርለትም። ነገር ግን ለዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ሰውን እንደሚጎዳ ከልጅነቱ የተማረ ሕዝብ ስለ ተሐዋስያን ለማስተማር ከሌላው ይልቅ የቀረበ መሆኑን መምህራን ቢያስተውሉት መልካም ነው።

ከባዱ ነገር የሚጥል በሽታ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ምድጃ ላይ ሲወድቅ የሚያነሣው እንኳ ሳያገኝ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፤ የያዘው ይተላለፋል ተብሎ ይፈራልና። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ መድኃኒት ብዙዎችን ከመውደቅ ይጠብቃል። መድኃኒቱን ለማስጀመር ግን ከሼሁ ጋር መነጋገር ይቀድማል። ሼሁ ደግሞ ከጤና ባለሙያው የሚበልጥ ማስረጃ በእጁ አለ። በታወቀው ሐዲስ አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ ሙሐመድ ቀርባ እየወደቀች ገላዋ እንደሚገለጥባት ነገረቻቸው። ብትታገሥ ጀነት እንደምታገኝ፣ ብትፈልግም እንድትድን እንደሚጸልዩላት ነገሯት። እርሷም መታገሡን መርጣ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ እንዲጸለይላት ለመነች። በዚህ ትረካ ጅራፍ የለም፣ ሰንሰለት የለም፣ ጂንን አናግሮ ስሙን ማስለፍለፍም የለም። ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት መሠጠቱን የሚናገር ሐዲስም አለ። በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ በመስጊድ ግቢ እነዚህን ሁለቱን አብሮ ያነሣ መምህር፣ አሥር የቅስቀሳ ስብሰባ የማያደርገውን ሊያደርግ ይችላል።

ለአርቲስቱና ለመምህሩ የቀረ አንድ አስቸኳይ ሥራ አለ። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ግጭ የሚባል የሙስሊሞች መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ በብርዱ ምድር ገብስ ያመርቱ፣ ከብት ያረቡ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የግጭ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ዳርቻ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በተከታዩ ዓመትም ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ግጦሽና ጸጥታ አገኙ። ሰዎቹ ቤታቸውን፣ የወላጆቻቸውን መቃብርና የሶላት ስፍራቸውን ትተው ወረዱ። ቢስሚላህ ሳይባል የማይቀዳበት ምንጭ፣ በቀትር የማይታለፍበት ገደል አፍ፣ ልጅ ብቻውን የማይላክበት ዋሻ በእያንዳንዱ የደጋ መንደር አለ፤ እንዲህ ያለው ስፍራ በመኪና ተጭኖ አይወርድም። በደባርቅ ዳር የሚያድገው ልጅ የሚፈራው ምንጭ ሌላ ነው፤ ውሃውም በቧንቧ ይመጣለታል። የግጭን ምንጮችና ገደሎች በስም የሚያውቁት አዛውንት ግን ዛሬ ከደባርቅ ትምህርት ቤቶች በእግር የሚደረስበት ቦታ ተቀምጠዋል።